ሁለት ፊደል

ከሞጣ ፍርድ ቤት፣ ከአጥሩ ሥር ሆኜ፣
በሐምሌ ካፊያ ውስጥ ጃንጥላ ደግኜ፣
የድንበር፣ የቀለብ፣ የውርስ ክርክር
ሳሰፍር የምውል በገጽ ሃያ ብር፣
ቅኔ ቤት አቋርጬ ጸሐፊ የሆንሁኝ፣
«እንግሊዝኛም ያውቃል» ብለው የሚያሙኝ።

አንጓች መጣች ዛሬ፣ ከል እንደለበሰች፣
ፌስታል ከመቀነት፣ ፖስታ ከፌስታል ፈታች።
«የስማቸው ጡረታ፣ ካሜሪካ» አለችኝ፤
«ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆርጡ ከደሞዙ፣ ይድረሰኝ።»

ተጀመረ ቅጹ።
«የሟች ባለቤትሽ ስማቸው?»
«ስማቸው።»
«ስማቸውን ነው የምልሽ!»
«አዎን፣ ስማቸው።»
ሳቅ አመለጣት፤ አፏን በነጠላ ያዘች፤
ከቀበረችው ወዲህ ዛሬ ገና ሳቀች።

እዚያ ግን ሲጽፉት አንድ ፊደል ገድፈው፣
ሌላ ሰው አርገውት፣ ሌላ ሰው ቀጥረው፣
ሃያ ሁለት ክረምት ምድር ቤት አኖሩት፣
የመኪና ማቆሚያ ትኬት ሲያስቆርጡት።
ሣጥኑም ሲመጣ በግድፈቱ መጣ፤
ዕድሩ ግን አወቀው፤ ድንኳን ይዞ ወጣ።

ጋብቻ? በሰማንያ። ምስክር? ሁለቱም ሞተዋል።
ቀኑ? «የጥር ሚካኤል ማግስት፤ ማቴዎስ ይመስለኛል።»
ወደ እነሱ ዘመን በጣቴ መነዘርሁት፤
ሰባት ነው? ስምንት ነው? እየሰረዝሁ ጻፍሁት።

ገጽ አራት ላይ ደረስን። አንድ ጥያቄ ቆመች፣
እንደ ኬላ ገመድ መንገድ የዘጋች፦
«የሟች ሚስት ሆነሽ፣ በዚህች አገር መሬት፣
ኖረሻል ወይ አንቺ አምስት ዓመት?»
ሁለት ሣጥን አለው፤ «የስ» ነው አንደኛው፣ «ኖ» ነው ሌላኛው፤
ሰው መሀል ላይ እንደሚኖር ማን በነገራቸው።

አንጓች ዝም አለች። ዝናቡ ጨመረ።
ቆይታ፣ ለንስሐ አባት እንደሚናገሩት፣ ለወረቀቱ፦

«ወረቀቴ አልቆ ነበር፣ ልሄድ ነበር በጥር፤
እናቱ ወደቀች ከበራፉ ድንጋይ ሥር።
'እስክትነሳ' አለኝ። እሺ፣ እስክትነሳ።
ወገቧ አልተነሳም፤ እኔ ነኝ የማነሳ፤
በቀኝ ጎኗ ሳዞር፣ በግራ ጎኗ ስመልስ፣
ቁስሏን በሞቀ ውሃ፣ በጨው ሳብስ፣
ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ዘጠኝ ዓመት ኖርሁ፤
ለሱ ሚስቱ ነበርሁ፤ ለሷ እጇ ነበርሁ።
እሱም አራቴ መጣ፤ ቢደመር ስድስት ወር ከሳምንት፤
ይህንንም ጻፈው፤ ካነሰ ጨምርበት።
ደግሞስ ከዘጠኙ አምስቱ ሲቀነስ
አራት ተርፎኝ የለም? የት ይገባል ትርፉስ?»

«እዚያ ነው የሚሉት፣» አልኋት፣ «በነሱ መሬት ላይ።»
«እሱስ እዚያ የዋለ እኔ እዚህ ብቆም አይደል ወይ?
'ጧሪ ቀባሪ' ይላሉ፤ ቀባሪስ እኔ ሆንሁ፤
ጧሪዬን ነው ደግሞ በገዛ እጄ የቀበርሁ።»

ቅጹን ገለበጥሁት፤ ጠርዙን ፈለግሁለት፣
ይህ የሚጻፍበት መስመር ቢኖርበት።
የለም። ከታች ማስጠንቀቂያ፦ ሐሰት የጻፈ ይቀጣል፤
ሐሰቱ የቱ እንደሆነ ግን ማን ይለያል።

ምርጫ አልነበረኝም። እስክሪብቶዬን አሸሁ፣
በሁለተኛው ሣጥን ምልክቴን አኖርሁ።

«ምን አልኸኝ?»
«ኖ።»
«ኖ…?» አለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ
አፌን አፌን አየች፣ የቀረውን ፍለጋ፤
«ኖረች» ልል መስሏት።

ሃያ ብር ከፈለች። ፖስታ በፌስታል፣ ፌስታል በመቀነት አሰረች፣
ነጠላዋን አጥፋ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

እኔም ከጃንጥላው ሥር፣
የትም በማይላክ ብጣሽ ወረቀት ላይ
የጎደለውን ጻፍሁ፦
ረች።